ስትሮክ ያላስቆመው ሉዊ ፓስተር

በአዲስ አበባ ጉለሌ በኩል በታክሲ የሚመላለስ ሰው የፓስተርን ስም ሳይሰማ አይውልም። ረዳቶች ፓስተር፣ ፓስተር እያሉ ተሳፋሪ ይጠራሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚገኝበት ቅጥር ቀደም ሲል ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ለረጅም ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለአገራችን ሲዘጋጅ የኖረውም እዚሁ ነው።

የሰፈሩን ስም የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው። ስሙ የተወሰደለት ፈረንሳዊ ሳይንቲስት የመጨረሻዎቹን 27 ዓመታት ግማሽ አካሉ በስትሮክ ተጎድቶ እንደኖረ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስትሮክ የመታው ገና በ45 ዓመቱ ነበር። ዓለም የሚያመሰግንበትን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሰው የሰጠው ከዚያ 17 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የዚህን ሰው ሕይወት እየተከተልን፣ ከስትሮክ በኋላ የአካል እንቅስቃሴን ስለመመለስ የዘመናችን ምርምር ምን እንደሚል እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቆዳ አልፊው ቤት

ሉዊ ፓስተር በምሥራቃዊ ፈረንሳይ ዶል በተባለች ከተማ ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በኋላም ቆዳ በማልፋት ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ልጁ በወጣትነቱ ሥዕል ይወድ ነበር፤ ዝንባሌው ወደ ኬሚስትሪ ካዘነበለ በኋላ ግን ፓሪስ ሄዶ ተማረ። በ1849 በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ማሪ ሎራንን አገባ። ማሪ የቤቱ እመቤት ብቻ አልነበረችም፤ ባሏ በቃል የሚነግራትን የምርምር ማስታወሻ ትጽፍለት፣ ሥራውን እየተከታተለች ትጠይቀውም ነበር።

ፓስተር የወይን ጠጅና የቢራ መፍላት በጥቃቅን ሕዋሳት የሚከናወን መሆኑን አሳየ። መጠጥን በልኩ በማሞቅ ከመበላሸት የሚጠብቀውን ዘዴም አገኘ። ዛሬ በወተት እሽጎች ላይ ፓስቸራይዝድ የሚል ቃል የምናነበው ከዚህ የተነሳ ነው።

በቤቱ ግን ሐዘን ተደራረበ። የመጀመሪያ ልጁ ዣን በ1859 በታይፎይድ ሞተች። በ1865 አባቱንና ትንሿን ልጁን ካሚዬን ቀበረ፤ በተከታዩ ዓመት ሴሲል በታይፎይድ ተከተለች። በዚያው 1865 መንግሥት በደቡብ ፈረንሳይ የሐር ትልን እየፈጀ ገበሬውን ያደኸየውን በሽታ እንዲያጠና አላከው። ፓስተር በየዓመቱ ለወራት ወደ አሌስ ከተማ እየሄደ፣ ሌሊቱን ከቀን ሳይለይ ከማይክሮስኮፑ ሥር ይውል ነበር።

ድካሙና ሐዘኑ ለሕመሙ ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ዛሬ መናገር አይቻልም። የደም ግፊቱ ስንት እንደነበርም አይታወቅም፤ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ክንዳችን ላይ የሚጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያ የተዋወቀው በ1896፣ ማለትም ፓስተር ካረፈ ከዓመት በኋላ ነውና። እኛ ግን መለኪያው አለን። ለስትሮክ ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ከፍተኛ የደም ግፊት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ስለዚህ ሳያመንም መለካት ይገባናል።

የዚያ ሰኞ ምልክት

ጥቅምት 19 ቀን 1868 ሰኞ ነበር። ፓስተር ጠዋት ሲነሳ በግራ ጎኑ በኩል እንግዳ የሆነ የመደንዘዝ ስሜት ተሰማው። ከምሳ በኋላ ብርድ ብርድ አለውና ጋደም አለ። ይሁን እንጂ በዚያ ዕለት በሳይንስ አካዳሚው ስለ ሐር ትል የሚያነበው ጽሑፍ ነበረውና አልቀርም ብሎ ተነሳ። ባለቤቱ ልቧ ስላላረፈ ሰበብ ፈልጋ እስከ ደጃፉ ሸኘችው። ጽሑፉን በተለመደው ድምፁ አነበበ፤ ከባልደረቦቹ ጋርም በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ማታ ጥቂት ቀማምሶ በሦስት ሰዓት ገደማ ተኛ። ወዲያው የጠዋቱ ስሜት ብሶ ተመለሰ። ሊናገር ፈለገ፤ አንደበቱ አልታዘዝ አለው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁ ሲመለስለት ሰው ጠራ። በዚያ ሌሊትና በማግስቱ የግራ እጁና እግሩ ቀስ በቀስ እየከዱት ሄደው፣ ግራ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ሽባ ሆነ። የመጣው ሐኪም ከጆሮው ጀርባ 16 አልቅት እንዲጣበቅበት አዘዘ። የዘመኑ ሕክምና ያ ነበር።

የጠዋቱ መደንዘዝ ማስጠንቀቂያ ነበር። ያን ጊዜ ቢታወቅም የሚደረግ ብዙ ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ። የፊት አንድ ጎን ሲንጋደድ፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም ሲደነዝዝ፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ በድንገት ዓይን ሲጋረድ ወይም ሚዛን ሲጠፋ ሰዓቱን አይቶ በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ደም ወሳጅ ቧንቧን የደፈነ ስትሮክ ከሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ምች መትቶት ነው፣ ተኝቶ ሲነሳ ይሻለዋል እያሉ የሚታለፉት ሰዓታት ኋላ በምንም አይመለሱም። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋ እንኳ ዳነ ተብሎ መቅረት የለበትም፤ ትልቁ ስትሮክ ተከትሎ ሊመጣ ይችላል።

በመስኮት የታየው የቆመ ግንባታ

ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ ፓስተር በአልጋው ላይ እንዳለ ሌሊት ለሚያስታምመው ረዳቱ ለዤርኔ አንድ ሳይንሳዊ ማስታወሻ በቃል አስጻፈው። ርዕሱ በበሽታ ሊጠቁ የሚችሉ የሐር ትል እንቁላሎች እንዴት ቀድመው እንደሚለዩ ነበር። እጁና እግሩ ባይንቀሳቀሱም አእምሮው እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር።

ምክንያቱን ዛሬ እናውቀዋለን። የቀኙ የአንጎል ክፍል የግራውን ጎን፣ የግራው ደግሞ የቀኙን ጎን ያዝዛል። በአብዛኞቹ ሰዎች ቋንቋን የሚመራው የግራው ክፍል ነው። ፓስተር የተጎዳው በቀኝ በኩል ስለነበር ንግግሩ ቶሎ ተመለሰለት። በሌላ በኩል የቀኝ ጎናቸው ሽባ የሆነ ብዙ ታማሚዎች መናገር እያቃታቸውም ይሰማሉ፣ ይረዳሉ። ስለሆነም በታማሚ ፊት ሰውየው ምንም አይሰማም ብሎ ማውራት ትልቅ ስህተት ነው።

ፓስተር ሲታመም አንድ ሌላ ነገርም ደርሶበታል። ከቤቱ አጠገብ አዲስ ቤተ ሙከራ እየተሠራለት ነበር። ሕመሙ እንደተሰማ ግንባታው ቆመ፤ ባለሥልጣናቱ ሰውየው አይተርፍም ብለው ሳይሆን አልቀረም። አልጋው ላይ ሆኖ ሠራተኞች መቅረታቸውን ተረዳ፤ ያም ከሕመሙ ይልቅ አሳዘነው። በኋላ ጉዳዩ ለንጉሠ ነገሥቱ ለሦስተኛው ናፖሊዮን ደርሶ ሥራው እንዲቀጥል ታዘዘ።

ይህ በእኛም ቤት የሚያጋጥም ነገር ነው። ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰብ በፍቅር ተሞልቶ ያጎርሰዋል፣ ያለብሰዋል፣ ከአልጋ እንዳይነሳ ይከለክለዋል። ጎረቤትም መጥቶ ከንፈር ይመጣል። ማንም በክፋት አያደርገውም። ታማሚው ግን ግንባታው እንደቆመ ከመስኮቱ ያያል።

አንጎል መንገድ ይቀይራል

በፓስተር ዘመን የሞተ የአንጎል ክፍል አይመለስም፣ ስለዚህ የሄደው እንቅስቃሴም ሄደ የሚል እምነት ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ የሞቱ የነርቭ ሕዋሳት አይተኩም። ሁለተኛው ግን ትክክል እንዳልሆነ ታውቋል። በጉዳቱ ዙሪያ ያሉና በሌላው ወገን የሚገኙ ደኅና ሕዋሳት አዲስ ግንኙነት እየፈጠሩ የጠፋውን ሥራ በከፊል መረከብ ይችላሉ። ዋናው መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ሰው በመስክ በኩል እንደሚያልፍና ሲመላለስበትም መንገድ እንደሚወጣለት ያለ ነው። መንገዱን የሚያወጣው ግን መመላለሱ ነው። አንድን ተግባር ደጋግሞ መሥራት ለማገገም መሠረት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ አንድ አስገራሚ ነገር አስተዋለ። የተጎዳ እጅ ከነርቩ ጉዳት በላይ ሥራ በመፍታት ይዳከማል። ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞክሮ ሲያቅተው በደኅናው እጅ መገልገልን ይለምዳል፤ ኋላ የተጎዳው እጅ ማንቀሳቀስ ቢችል እንኳ አይጠቀምበትም። ከዚህ በመነሳት ደኅናውን እጅ በጓንት አስሮ የተጎዳውን ማሠራት የሚባለው ሕክምና መጣ። በ2006 ውጤቱ የታተመው ኤክሳይት የተሰኘ ጥናት፣ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች አካትቶ ነበር። ለሁለት ሳምንት በዚህ መንገድ የሠሩት ከሌሎቹ የተሻለ የእጅ አጠቃቀም አሳይተዋል፤ መሻሻሉም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ዘዴው የሚሠራው ግን የእጅ አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን በጥቂቱም ቢሆን ማንቀሳቀስ ለሚችሉ ነው፤ ያለ ባለሙያ ምክርም ደኅናውን እጅ ማሰር አይገባም።

ማሽኖቹስ?

ብዙ ቤተሰቦች ውጭ አገር ያለው ማሽን ቢገኝ ኖሮ ይድን ነበር ብለው ይቆጫሉ። አንዳንዶችም ላላቸው ጥሪት ሁሉ ለመሸጥ ይዘጋጃሉ። በመሆኑም ጥናቶቹ ያሉትን በግልጽ ማወቅ ይጠቅማል።

ክንድን የሚያንቀሳቅሱ ሮቦቶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተሠርተዋል። በ2019 የታተመ በብሪታንያ 770 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በሮቦት የታገዘው ልምምድ ከተለመደው ሕክምና ይልቅ የክንድን አገልግሎት እንዳላሻሻለ አመልክቷል። የሰውነትን ክብደት በማንጠልጠያ ይዞ በሚሽከረከር መሮጫ ላይ የሚያስኬደው ዘዴም በአሜሪካ በ408 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ነበር። በ2011 የታወቀው ውጤት፣ ፊዚዮቴራፒስት ቤታቸው ድረስ እየሄደ የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ ያሠራቸው ታማሚዎች በማሽኑ ከሠለጠኑት እኩል መሻሻላቸውን አሳይቷል። በዓመቱ መጨረሻ ከጠቅላላው ተሳታፊ 52 በመቶው የተሻለ የመራመድ ደረጃ ላይ ደርሷል። በዚያው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀዋል፤ መውደቅን መከላከል የሕክምናው አካል ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ተስፋ ሰጪ ቴክኖሎጂ የለም ማለታችን አይደለም። በ2021 የታተመ በ108 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በደረት ቆዳ ሥር በሚቀበር አነስተኛ መሣሪያ በአንገት በኩል የሚያልፈውን ቬገስ የተባለ ነርቭ በልምምድ ሰዓት ማነቃቃት የክንድን እንቅስቃሴ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ስትሮክ ከያዛቸው ከ9 ወር እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ ለውጥ የለም የሚለውን አባባል ለመጠራጠር ይህ በቂ ምክንያት ነው። በዋጋ ረገድ በሌላው ጫፍ ደግሞ መስታወት አለ። የደኅናውን እጅ ምስል የተጎዳው እጅ በሚኖርበት ቦታ እንዲታይ መስታወቱን በመካከል አቁሞ መለማመድ ለአንዳንድ ታማሚዎች እንደሚጠቅም ጥናቶች ያሳያሉ።

ሁሉንም ስናጠቃልለው፣ ማሽን ልምምዱን ያግዛል እንጂ ልምምዱን አይተካም።

ከመቀመጫ ላይ የተመራ ምርምር

ወደ ፓስተር እንመለስ። ሦስት ወር ሳይሞላው በጥር 1869 ወደ ሐር አምራቹ ደቡብ ካልሄድኩ አለ። ተደግፎ በባቡር ተሳፈረ። እዚያም በድንጋይ ወለል ላይ ወድቆ ተጎዳና እንደገና አልጋ ላይ ዋለ። ከአልጋውና ከመቀመጫው ሆኖ ረዳቶቹን ያዝዝ፣ የሐር ትሎቹን ሁኔታ ይከታተል ነበር። ባለቤቱና ሴት ልጁም የሐር ትል እያረቡ ያግዙታል። የሐር ትል በሽታን የሚመለከተው ሥራው በ1870 በሁለት ቅጽ ታተመ፤ በርካታውን ገጽ የጻፈችው፣ እሱ እየነገራት፣ ማሪ ነበረች።

እግሩ እያነከሰም ቢሆን መሄድ ቻለ። የግራ እጁ ግን ጣቶቹ እንደተኮማተሩ ቀሩ። ብልቃጥ ይዞ፣ ቱቦ አስተካክሎ መሥራት ለለመደ ኬሚስት ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህም አሠራሩን ለወጠ። ረቂቅ የእጅ ሥራ የሚጠይቀውን ሙከራ እንደ ኤሚል ሩና ሻርል ሻምበርላን ያሉ ወጣት ረዳቶቹ ይሠራሉ፤ እሱ ያቅዳል፣ ይመለከታል፣ ይመዘግባል።

ከታላላቅ ሥራዎቹ ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። የዶሮ ኮሌራ ክትባት ተከተለ። በ1881 ፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር በሕዝብ ፊት የአባ ሰንጋ ክትባትን ሞከረ፤ የተከተቡት በጎች ሲተርፉ ያልተከተቡት አለቁ። ሐምሌ 6 ቀን 1885 ደግሞ ከአልዛስ አንዲት እናት በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጇን፣ ዦዜፍ ሜስተርን ይዛ መጣች። ፓስተር ሐኪም አልነበረም፤ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። 13 ጊዜ ከተከተበ በኋላ ልጁ ተረፈ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ማገገም ማለት ሁልጊዜ ወደ ድሮው መመለስ አለመሆኑ ነው። የተጎዳውን አካል ያለማቋረጥ እያሠሩ፣ ጎን ለጎን ሥራውንና ቤቱን ለአካሉ እንዲስማማ መለወጥም ማገገም ነው። ሁለተኛው፣ ታማሚ የሚነሳበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ፓስተር ያንን ከሥራው አገኘ። ለሌላው ቡና መቁላት፣ ለሌላው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መድረስ፣ ለሌላዋ የልጅ ልጅ ፀጉር መሥራት ሊሆን ይችላል። ፊዚዮቴራፒስቶችም ታማሚው ራሱ የሚፈልገውን ተግባር መነሻ ያደርጋሉ።

ስትሮክ ይመለሳል

በ1887 ሌላ ስትሮክ መታው፤ በዚህኛው አንደበቱ ተጎዳ። በስሙ የተሰየመው ኢንስቲትዩት ኅዳር 14 ቀን 1888 በፓሪስ ሲመረቅ ንግግሩን ያነበበለት ልጁ ነው። በ1892 ሰባኛ ዓመቱ በሶርቦን ሲከበርም በፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ክንድ ተደግፎ ገባ፤ ያን ዕለትም የአባቱን ንግግር ልጁ አነበበ። ፓስተር ከተደጋጋሚ ጥቃት በኋላ መስከረም 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ጊዜ ስትሮክ የያዘው ሰው ዳግም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ፓስተር ይህን የሚከላከልበት መድኃኒት አልነበረውም። እኛ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ እንደ ስትሮኩ ዓይነትም ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት አለን። ተሽሎኛል ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ፓስተር ያጣውን ዕድል በገዛ እጅ መጣል ነው።

ታማሚ በቤቱ ላላችሁ

• ከአልጋ መነሳትና ልምምድ መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙን ጠይቁ። ለረጅም ጊዜ መተኛት ይጎዳል፤ ይሁን እንጂ በ2015 የታተመ ከ2,100 በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ አብዝቶ ማንቀሳቀስ ውጤቱን እንደሚያከፋ አሳይቷል። በጥቂቱ ጀምሮ ማሳደግ ይሻላል።

• ታማሚውን ስታነሱት የዛለውን ክንድ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ የትከሻው መገጣጠሚያ ይጎዳል። ከወገቡ ደግፉት። ሲቀመጥም ክንዱ እንዳይንጠለጠል ትራስ ላይ ይረፍ።

• የተጎዳውን እጅ በየዕለቱ ሥራ ስጡት። ኩባያ ማንሳትና ማስቀመጥ፣ ሽንብራ ከሳህን ወደ ሳህን ማዛወር፣ ጠረጴዛ መወልወል በቂ ልምምድ ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ሰዓት ከማድከም፣ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ማሠራት ይመረጣል።

• ከወንበር መነሳትና መቀመጥን አጠገቡ ቆማችሁ አለማምዱት። ወለሉ አያንሸራት፤ ምንጣፍ አይታጠፍ፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ብርሃን ይኑረው።

• ውኃ ወይም ምግብ ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ በግድ አታጉርሱት፤ ለሐኪም ንገሩ።

• ድባቴ ከስትሮክ በኋላ የተለመደ ነው። ዝምታው፣ ለቅሶው፣ ምግብ መተዉ ስንፍና አይደለም፤ ሕክምና አለው።

• ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ በየቀኑ መመላለስ ካልተቻለ፣ ቢያንስ በየጊዜው ሄዳችሁ የቤት ልምምድ አስተምሩን በሉ። የሚያስታምመው ሰውም አብሮ ይሂድና ይማር።

ፓስተር የግራ እጁን ጣቶች እንደተኮማተሩ ይዞ ሞተ። በዚያ እጅና በሚያነክስ እግር የኖራቸው 27 ዓመታት ግን ለዓለም ምን እንዳበረከቱ በእብድ ውሻ ተነክሶ በክትባት የዳነ ሁሉ ምስክር ነው። በቀጣይ በጉለሌ በኩል ስታልፉና ረዳቱ ፓስተር ብሎ ሲጠራ ስትሰሙ፣ ቤት ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቃችሁ ታማሚ ካለ ትዝ ይበላችሁ። ዛሬ ማታ ስትገቡ አጎርሱት ከማለታችሁ በፊት ማንኪያውን በተጎዳው እጁ አስይዛችሁት ሞክሩ።